ዘፈኑን ከነስሙ

ነቀምቴ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦና በባኮ በኩል 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዘው መንገድ እዚያ ሲደርስ ይበተናል። አንዱ ጊምቢን አልፎ በነጆና በመንዲ አሶሳ ይገባል፤ ከጊምቢ የሚገነጠለው ደግሞ ደምቢ ዶሎ ይዘልቃል። ሌላው በበደሌ አድርጎ ጅማ ይወርዳል፤ ሦስተኛው ዓባይን ተሻግሮ ቡሬ ይወጣል። በነዚህ መንገዶች የሚመላለሰው ቡናና ሰሊጥ፣ ተማሪና ነጋዴ ብቻ አይደለም። ሚኒባሱም አውቶብሱም ከሹፌሩ ፊት በተሰካች አንዲት ፍላሽ በመቶ የሚቆጠር ዘፈን ጭኖ ይሄዳል። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ጆሮው ወደ አንዱ ዘፈን ካደላ ረዳቱን ጠጋ ብሎ "ይቺ የማን ናት?" ይለዋል። ረዳቱ ካወቀ ይነግረዋል፤ ካላወቀ ትከሻውን ነቅንቆ ዘፈኑን ብቻ በብሉቱዝ ይልክለታል። ተሳፋሪው ጊምቢ ወርዶ ለእህቱ፣ እህቱ ለጓደኛዋ፣ ጓደኛዋ ለጎረቤት ሱቅ ልጅ ስትልከው ዘፈኑ ይቀጥላል፤ ጥያቄው ግን ከመኪናው ሳይወርድ ቀርቷል።

ሰው እያዳመጠ የሚደሰትበትን ዘፈን ለሌላ ሰው ማካፈሉ ቀላል ነገር ይመስላል። በወለጋ ከተሞች ታሪክ ውስጥ ሲታይ ግን ሙዚቃ ከትውልድ ወደ ትውልድ፣ ከአገር ወደ አገር የተሻገረበት ዋናው ድልድይ ይኸው ነው። ማተሚያ ቤቱም፣ ሬዲዮውም፣ ኢንተርኔቱም ዘግይተው የመጡ፣ አንዳንዴም የሚጠፉ ናቸው። ስለዚህ "ዘፈን መቀባበል ሙዚቃን ይገድላል" የሚለውን የቆየ ክስ እንዳለ መቀበል ይከብደኛል። ጉዳት መኖሩን አልክድም፤ የጉዳቱ ምንጭ ግን ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። ዘፈኑ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ የዘፋኙ፣ የገጣሚው፣ የዜማ ደራሲውና የአቀናባሪው ስም መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ይቀራል፤ ስም ከጠፋ በኋላ ክፍያም፣ ምስጋናም፣ ታሪክም የሚያርፉበት ሰው አያገኙም።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንዲት ሚሞሪ በቂ ናት። በነቀምቴም ሆነ በሻምቡ ወይም በደምቢ ዶሎ ደንበኛው ሚሞሪውን ከስልኩ አውጥቶ ለሙዚቃ ቤቱ ልጅ ይሰጣል፤ "አዲስ አዲሱን ጫንልኝ" ወይም "የድሮ ኦሮምኛ ብቻ አድርግልኝ" ይላል። ልጁ ካርዷን ኮምፒውተሩ ላይ ይሰካና አንድ ሙሉ ፎልደር ይገለብጥለታል። ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው ዝርዝር "ትራክ 03"፣ "አዲስ 2"፣ "ኦዲዮ 0017" የሚል ነው። የዘፋኙ ስም በሚጻፍበት ቦታ ዘፈኑ የወረደበት ድረ ገጽ ስም ተለጥፎበታል፤ ያም ከሌለ ስልኩ ራሱ "ያልታወቀ አርቲስት" ብሎ ይደመድማል። አንዱ ዘፈን ሦስት ቦታ ይገኛል፦ አንዴ በቁቤ፣ አንዴ በግዕዝ ፊደል፣ አንዴ ደግሞ ማንም እንደመሰለው በላቲን በጻፈው። ስልኩ ሦስቱን አጻጻፎች አንድ አድርጎ ስለማያነብ ባለስልኩ አንዱን ዘፈን እንደ ሦስት ዘፈን ይዞ ይዞራል። ካሴት እንዲህ አልነበረም። የካሴቱን ወረቀት ሲዘረጉት የዘፋኙ ፎቶ፣ ከእያንዳንዱ ዘፈን ትይዩ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ የሚል መስመር፣ በመጨረሻም ከእናት አባት እስከ ሰፈር ልጆች የሚደርስ ምስጋና ይታይ ነበር። ምስጋናው አንዳንዴ ከግጥሙ ይረዝም ነበር፤ ቢሆንም ዛሬ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ማን እንደሠራው የምናውቀው በአብዛኛው በዚያች በተጨማደደች ወረቀት ነው።

ወለጋ ከስልክም ከካሴትም በፊት ዘፈን ያካፈለ ሰው አለው፤ ያውም ከሁሉ የሚያስደንቅ። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ ወደ ዓረብ ምድር ስትጫን፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከብ ጀልባውን አስቁሞ ነፃ አወጣት። ምጽዋ አጠገብ ኢምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እዚያ ከተርጓሚው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር እ.ኤ.አ. በ1899 ለታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሠራች። ከዚያ ሥራ ጎን ለጎን ደግሞ ከትውልድ አገሯ ይዛ የወጣችውን፣ ማንም የማይነጥቃትን ነገር ወረቀት ላይ አወረደችው፤ 500 ገደማ የሚሆኑ ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና እንቆቅልሾች። ከነዚህ የተወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1894 በኢምኩሉ በታተመው የአፋን ኦሮሞ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። መጽሐፉ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 አስቴርና ባልደረቦቿ ወደ ወለጋ ተመልሰው ትምህርት ቤት ሲያቋቁሙ፣ ከአገሩ በአንዲት ልጅ ትዝታ የወጣው ዘፈን ታትሞ ወደ አገሩ ገባ።

ይህ ታሪክ የማካፈልን ኃይል ያሳያል፤ ድክመቱንም አይደብቅም። አንዲት ታዳጊ ከትውልድ አገሯ ርቃ የያዘችው ዘፈን ከመጥፋት ዳነ። ዘፈኖቹን መጀመሪያ ያፈለቁት፣ በጭፈራና በሠርግ ያወረዱት፣ ለአስቴር ጆሮ ያደረሱት ሰዎች ግን ዛሬ ስም የላቸውም። የአስቴር የራሷ ስም እንኳ ለረጅም ጊዜ በኦነሲሞስ ዝና ጥላ ሥር ቆይቶ፣ ተመራማሪዎች ቆፍረው ያወጡት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ዘፈን የሚሸከም ሰው ሳይቀር ስሙ የሚወድቅ ከሆነ የዘፋኙ መውደቅ ምን ይገርማል?

ከአስቴር በኋላ መንገዱ እየሰፋ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ መዝሙርና ሙዚቃ ሩቅ አገር እያደረሰ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1977 በደርግ ተወረሰ። ቀጥሎ በወለጋ ብዙ የመካነ ኢየሱስ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ መዝሙሩ አልተዘጋም፤ በእጅ በተገለበጠ ደብተርና በተቀዳ ካሴት ቤት ለቤት ይዘዋወር ነበር። በዓለማዊው ሙዚቃ በኩልም ዕድሉ ካሴት ነበር። የመጀመሪያውን የአፋን ኦሮሞ አልበም እንዳሳተመ በሰፊው የሚነገርለት የድሬዳዋው ዓሊ ቢራ፣ የሐረርጌ አነጋገሩን ይዞ ወለጋ ጓዳ ድረስ የገባው በዚህ ዓይነት ቅብብል ነው። የተቀዳ ካሴት ሽፋን አልነበረውም፤ ነገር ግን አንዱ ቤት ኦሪጅናሉ ስለሚኖር፣ የቀዳውም ሰው በእስክሪብቶ "ዓሊ ቢራ፣ ቁጥር 2" ብሎ ስለሚጽፍበት፣ ስሙ እየተንገዳገደም ቢሆን ይከተል ነበር። ኤፍ ኤም ሬዲዮ ሲመጣ ደግሞ ዘፈን መጋበዝ የሚባለው ደስ የሚል ልማድ ተስፋፋ። አድማጩ ይደውላል፤ ዘፈኑን በዘፋኙ ስም ጠርቶ "ለታላቅ ወንድሜና ለባለቤቱ ጋብዙልኝ" ይላል። በዚህ ልማድ ውስጥ ሁለት ስም አብሮ ይነገራል፤ የሚጋብዘውም የዘፈነውም። ስልክ ለስልክ በሚደረገው መላላክ ውስጥ የጋባዡ ስም አለ፤ የዘፋኙ ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ስም ከዘፈን ጋር ሲሄድና ሳይሄድ የሚመጣውን ልዩነት የሚያሳዩ ሁለት ታሪኮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ይጠቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ፈረንሳይ ውስጥ ፍራንሲስ ፋልሴቶ ለተባለ የሙዚቃ ሰው አንድ ወዳጁ ከኢትዮጵያ የመጣ ሸክላ አስደመጠው፤ የማሕሙድ አሕመድ "እረ መላ መላ" ነበር። ሰውዬው እንቅልፍ አጣ። ሸክላው ላይ የዘፋኙም የአሳታሚው የካይፋም ስም ስለታተመ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር፤ በዓመቱ አዲስ አበባ ደርሶ ባለቤቶቹን አፈላለገ። እ.ኤ.አ. በ1986 አልበሙ ቤልጅየም ውስጥ በክራምድ ዲስክስ ታተመ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ የዓለምን ጆሮ ወደ ኢትዮጵያ የመለሰው "ኢትዮፒክስ" የተሰኘው ተከታታይ ሥራ ጀመረ። ያ ሁሉ ነገር የተነሳው አንድ ሰው እየሰማ የወደደውን ለጓደኛው በማስደመጡ ነው። ሁለተኛው ታሪክ ከሰሐራ ነው። ክሪስቶፈር ኪርክሊ የተባለ አሜሪካዊ በሰሜን ማሊ ሰዎች ከስልክ ወደ ስልክ የሚቀባበሏቸውን ዘፈኖች ሰብስቦ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ "ከሰሐራ ስልኮች የተገኘ ሙዚቃ" በሚል ርዕስ አወጣ። ሚሞሪዎቹ እንደኛዎቹ ናቸው፤ ፋይል እንጂ ስም የለባቸውም። ስለዚህ ሥራው ግማሹ ሙዚቃ ማሳተም፣ ግማሹ የሰው ፍለጋ ሆነ፤ ባለቤቶቹን አግኝቶ ለመክፈል ብዙ መልፋት ግድ አለው። ከተገኙት አንዱ የኒጀሩ ጊታር ተጫዋች ምዱ ሞክታር ነው፤ ዛሬ ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ይታወቃል። ያልተገኘ ሰው ግን ዘፈኑ ሺህ ስልክ ውስጥ እየተዘፈነለት እሱ የለም።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሳው ተቃውሞ ይታየኛል። "ይህ ሁሉ ያለፈበት ነገር ነው፤ አሁን ዩቲዩብና ቴሌግራም አሉ፣ የዘፋኙም ስም ከነክሊፑ ተጽፎ ይገኛል፣ የምወደውንም ዘፈን ራሱ ያመጣልኛል" ሊል ይችላል። በከፊል እውነት ነው። የአንድ ነጠላ ዜማ ባለቤት ማን እንደሆነ ለማወቅ ዩቲዩብ ከሚሞሪ ይሻላል። ይሁን እንጂ በወለጋ ኢንተርኔት ሁልጊዜ የሚገኝ ነገር አይደለም። ከታኅሣሥ መጨረሻ 2012 ጀምሮ እስከ መጋቢት 2012 ድረስ በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ኢንተርኔቱም ስልኩም ተቋርጦ ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት ተዘግቶ የስልክ አገልግሎት በዋና ዋና ከተሞች ብቻ ተወስኖ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 የአምቦው ልጅ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል ደግሞ በአገሪቱ ሁሉ ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ጠፋ። የአገሩ ሰው የዘፋኙን ድምፅ ከምንጊዜውም በላይ ሊሰማ በፈለገበት ሰሞን የቀረው መንገድ ኔትወርክ የማይፈልገው ነበር፦ ብሉቱዝ፣ ዜንደር፣ ሚሞሪ። በዚያን ጊዜ የሃጫሉን ድምፅ ለመስማት ቀድሞ ስልክህ ውስጥ መኖር ወይም ካለው ሰው መቀበል ነበረብህ። የኩባ ሰዎችም ኢንተርኔት ውድና ብርቅ በሆነባቸው ዓመታት በየሳምንቱ የሙዚቃና የፊልም ጥቅል በሐርድ ዲስክ ቤት ለቤት ያደርሱ የነበረው በዚሁ ምክንያት ነው።

ኔትወርክ በሽበሽ ቢሆን እንኳ "ራሱ ያመጣልኛል" የሚለው ነገር ሊመረመር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሳልጋኒክ፣ ዶድስና ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። 14,341 ሰዎች የማይታወቁ ባንዶችን 48 ዘፈኖች በኮምፒውተር እንዲሰሙና የወደዱትን እንዲያወርዱ ተደረገ። አንዳንዶቹ በራሳቸው ጆሮ ብቻ እንዲመርጡ ተተዉ፤ ሌሎቹ በተለያዩ ቡድኖች ተከፍለው በየቡድናቸው እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደወረደ እንዲያዩ ሆነ። ቁጥሩን ባዩት ዘንድ ታዋቂው ይበልጥ ታዋቂ፣ የተረሳው ይበልጥ የተረሳ ሆነ፤ ከሁሉም የሚገርመው አንዱ ዘፈን በአንዱ ቡድን አናት ላይ ሲወጣ በሌላው መሐል ወይም ታች መገኘቱ ነው። በጣም ጥሩው ብዙ ጊዜ አልወደቀም፣ በጣም ደካማውም ብዙ ጊዜ አልነገሠም፤ መሐሉን የወሰነው ግን ቀድሞ በአጋጣሚ የተከማቸው ቁጥር ነበር። የዩቲዩብ የእይታ ቁጥርም የሚሠራው እንዲህ ነው። በአፋን ኦሮሞ፣ ያውም በአንድ ወረዳ የዜማ ስልት የሚዘፍን የነጆ ወጣት በቁጥር ውድድር ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ ምርት ጋር ቢሰለፍ ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አያስቸግርም። የሚያውቅህ ሰው "ይቺን ስማት፣ አንተ የምትወዳት ዓይነት ናት" ብሎ ሲልክልህ ግን ሚዛኑ ቁጥር መሆኑ ይቀራል፤ የሰውዬው ጆሮና ስለ አንተ ያለው ዕውቀት ይተካዋል። አጋጣሚ እዚህም አለ፤ የሚያመጣው ስህተት ግን አንድ ስልክ ላይ ይቆማል እንጂ አገር አያዳርስም።

ከባዱ ተቃውሞ የሌብነቱ ነው። ዘፋኙ በብዙ ሺህ ብር ያሳተመውን ሥራ በነጻ ማደል እንዴት ወግ ይሆናል? ለዚህ መልሱ ሁለት ፊት አለው። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው ለግል ጥቅሙ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያደርግ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። ፎልደር ሙሉ ዘፈን ለአላፊ አግዳሚው እየገለበጡ ገንዘብ መቀበል ግን የግል ጥቅም አይደለም፤ ንግድ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ ሁሉንም ሌባ ማለት ለማንም አልጠቀመም። ነጋዴውን ከወዳጁ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የሚጭነው ልጅ ከሚያገኘው ላይ ባለሙያው የሚደርሰው ድርሻ ሊኖር ይገባል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ለዚህ የሚሆን የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲቋቋም መንገድ ጠርጓል። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ የጀመሩት አውታር የተባለው የስልክ መተግበሪያም ዓላማው ይኸው ነበር፤ አድማጩ በስልክ ሒሳቡ ከፍሎ ዘፈኑን እንዲገዛ፣ ገንዘቡም ለሠሪዎቹ እንዲከፋፈል። ኤልያስ ራሱ አቀናባሪ ስለነበር የችግሩን ሥር ያውቀው ነበር። መተግበሪያው በወጣ በጥቂት ወራት፣ በ2012 መባቻ ላይ አረፈ።

ሌላው ፊት መቀባበሉ በእርግጥ ሽያጭ ይቀንሳል ወይ የሚለው ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ "ቤት ውስጥ ካሴት መቅዳት ሙዚቃን እየገደለ ነው" የሚል ዘመቻ አካሂደው ነበር፤ ሙዚቃው ግን አልሞተም። ኦበርሆልዘር-ጊ እና ስትረምፍ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በኢንተርኔት ዘፈን መቀባበል በአሜሪካ የአልበም ሽያጭ ላይ ያመጣው ለውጥ ከዜሮ የሚለይ አይደለም አሉ። ሌሎች ምሁራን አጥብቀው ተቃወሟቸው፤ ክርክሩም በአንድ ወገን ድል አላለቀም። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው የሕንዱ ታሪክ ይመስለኛል። ፒተር ማኑኤል የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ርካሽ ካሴት ሰሜን ሕንድን ከማጥለቅለቁ በፊት ገበያው በአንድ ትልቅ ኩባንያና በፊልም ዘፈን የተያዘ ነበር። ካሴቱ የቅጂ ሌብነትን አበዛ፤ በዚያው ልክ ግን ማንም ሊያሳትምላቸው የማይፈልግ የየአካባቢው ቋንቋና ዜማ ዘፋኞችን ወደ ገበያ አወጣ። የነቀምቴና የጊምቢ ዘፋኝ ከዋናው ከተማ አሳታሚ ደጅ ሳይጠና እንዲሰማ ያደረገው ፍላሽም የሚሠራው እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ዘፋኙ እንጀራውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሠርግና ከመድረክ ነው፤ ለሠርግ የሚጠራው ደግሞ የታወቀ ሰው ነው።

እዚህ ጋ ግን ብዙ የሙዚቃ ወዳጆች የሚዘሉት ነገር አለ። መድረክ ላይ የሚወጣው ድምፃዊው ነው። ገጣሚውን ለሠርግ የሚጠራው የለም፤ የዜማ ደራሲው ትኬት አይሸጥም። ለነሱ ከአንዱ ሥራ ወደሚቀጥለው ሥራ የሚያሻግራቸው ስማቸው ብቻ ነው፤ "ያንን ግጥም የጻፈው እሱ ነው" ሲባል ሌላው ዘፋኝ ይፈልጋቸዋል። ስለዚህ ሚሞሪው የድምፃዊውን ስም ቢጥል ድምፁ ራሱ ይመሰክርለታል፤ የገጣሚውን ሲጥል ግን ምስክር የለውም። አዋጅ 410ም ቢሆን ከገንዘብ መብቱ ለይቶ የሥራ አመንጪው "ይህ የእኔ ነው" የማለትና በስሙ የመታወቅ የሞራል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ገንዘቡን ለሌላ ሸጦም ቢሆን ይህ መብት ከእጁ አይወጣም። ስለ መብት በምናወራበት ጊዜ ሁልጊዜ ብሩን አስቀድመን ይህንን ማስከተላችን ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ብር መክፈል የማይችል የገጠር ተማሪ እንኳ ስም መጥራት አያቅተውም።

"የሕዝብ ዘፈንስ? ባለቤት የለውም እኮ" የሚል ይኖራል። ጌራርሳን እንውሰድ። በወለጋም በሸዋም የኦሮሞ ወንዶች አደናቸውን፣ ጀግንነታቸውን፣ ዘመን ያደረሰባቸውን በደል የሚያወርዱበት ይህ ዜማ፣ እንደ አማርኛው ፉከራ ሁሉ፣ ባለቤቱ ራሱንና ዘሩን እየጠራ የሚለው ነው። ጌራርሳ ማንነቱን የሚናገር ሰው ዜማ እንጂ ማንም ያላለው ዜማ ሆኖ አያውቅም። "የሕዝብ" የሆነው መንገድ ላይ የባለቤቱ ስም ከተንጠባጠበ በኋላ ነው። እርግጥ ነው፣ የመጀመሪያውን አፍላቂ ዛሬ ማግኘት የማይቻልበት ዜማ ብዙ ነው። እሱን ግን ቢያንስ "የአርጆ የሠርግ ዘፈን፣ እገሊት እንዳለችው" ብሎ መያዝ ይቻላል። የአካባቢው ስምና ያለችው ሴት ስም ከተቀመጡ የነገው ተመራማሪ መነሻ ያገኛል። አንዲት አሮጊት በሠርግ ላይ ያሉትን በስልክ ቀድቶ "ኦዲዮ 0017" ብሎ የሚልክ የልጅ ልጅ ግን አያቱን በገዛ እጁ ስም አልባ ያደርጋቸዋል። አስቴር ጋኖ ወረቀትና ቀለም ብቻ ነበራት፤ የዛሬው ልጅ ድምፁን፣ ምስሉን፣ ቀኑንና ቦታውን ሁሉ የሚይዝ መሣሪያ በኪሱ አለ።

ስም መያዝ አደጋ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩንም አልዘነጋሁም። ወለጋ ያለፉትን ዓመታት በግጭት አሳልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘፈን ሙዚቃ መሆኑ ቀርቶ የአቋም ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ሰው ስልኩ ውስጥ የማን ዘፈን እንዳለ በማየት የማን ወገን እንደሆነ የሚፈርድ አይጠፋም። ተሳፋሪው ከኬላ በፊት ስልኩን ቢያጸዳ ማንም ሊፈርድበት አይችልም። ለዚህ ክርክር የማቀርበው ብልጠት የለኝም፤ ሕይወት ከዘፈን ስም ይበልጣል። ይህ ሁኔታ ግን ልዩ ነው፤ ስለ ፍቅር፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ እናት የተዘፈነው እጅግ ብዙው ዘፈን ስሙ የሚወድቀው በፍርሃት ሳይሆን በስንፍና ነው።

ለስንፍናው ደግሞ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። የሙዚቃ ቤቱ ልጅ አዲስ ዘፈን ኮምፒውተሩ ላይ ሲያስቀምጥ ፋይሉን በዘፋኝ፣ በርዕስና በዓመት ስም ቢሰይመው የሚፈጅበት ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም፤ ያ ስም ከዚያ በኋላ ከሱ በሚጭኑት ሁሉ ስልክ ላይ ይገኛል። ከብዙ ሺህ አድማጮች ይልቅ ጥቂት የመጫኛ ኮምፒውተሮች ቢስተካከሉ ውጤቱ ቶሎ ይታያል፤ ምክንያቱም ከአንድ ከተማ ሚሞሪ አብዛኛው የሚሞላው ከነዚያው ጥቂት ማሽኖች ነው። የኤፍ ኤም አዘጋጆች ዘፈኑ ሲያልቅ ዝም ብለው ወደ ማስታወቂያ ከመሮጥ ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ ቢናገሩ አምስት ሰከንድ አይወስድባቸውም። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የፎክሎር ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ የአንዲት የነቀምቴ ሙዚቃ ቤት ኮምፒውተር ብትሰጣቸው፣ ውስጧ ያለውን "ያልታወቀ አርቲስት" አንድ በአንድ እያሳደዱ ባለቤቱን ማግኘት ብቻ ጥሩ የዓመት ሥራ ይወጣዋል፤ ከዘፋኞቹ ብዙዎቹ ገና በሕይወት አሉ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ጊምቢ ወይም ሻምቡ የሚኖሩ ናቸው።